ገጣጠምኩት፣ ግን አያነብም! የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ይገጣጥማል፤ ሲያበራው አንዱ ዕቃ የለም።

አንድ ቴራባይት ብዬ የገዛሁት ዲስክ 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ተበላሁ እንዴ?

አልተበላህም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።

አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) ጨመርኩ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ግን አይታይም። ጓደኛዬ «ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው» ስላለኝ እንደ አዲስ ጫንኩት። አሁንም የለም። ዕቃው ሞቶ ነው የመጣው?

ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ። ለማንኛውም ችግር ዊንዶውስ መጫን ከመቼ ጀምሮ መድኃኒት እንደሆነ እንጃ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ዲስኩን ያላየው ማን ነው? ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ወይስ ዊንዶውስ? ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 እየተጫንሽ ባዮስ ውስጥ ግቢ። የዲስኩ ስም እዚያ ካለ ዕቃው አልሞተም፤ አገጣጠሙም ደህና ነው ማለት ይቻላል። የቀረው የዊንዶውስ ሥራ ነው። አዲስ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ፎርማት እስኪደረግ ድረስ ከሌሎቹ ጋር አይደረደርም። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቺ። የዲስኩን አከፋፈል ዘዴ ምረጪ ሲልሽ ጂፒቲን ምረጪ፤ የድሮው ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን አይጠቀምበትም። ከዚያ ፎርማት አድርጊው። ይህ የምልሽ ለአዲስ ዲስክ ብቻ ነው! ፋይል ያለበት ዲስክ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀሽ እሺ እንዳትይ።

ባዮስም ካላየው ዊንዶውስን አትውቀሺ፤ ጉዳዩ ገና እሱ ዘንድ አልደረሰም። አጥፍተሽ፣ ከሶኬት ነቅለሽ፣ ዲስኩን አውጥተሽ መልሰሽ ግጠሚው። ኤም.2 (ዋናው ሰሌዳ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ዲስክ) ከሆነ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ በዚያው ቅርጽ የሳታም (የቆየው የመረጃ መስመር) የኤንቪኤምኢም (አዲሱና ፈጣኑ) ዲስክ ይሠራል። አንዳንድ ስሎት (መሰኪያ) የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ግጥም ብሎ ገብቶም ላይነበብ ይችላል። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ አንዱ የኤም.2 ስሎት ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎቹ አንድ ወይም ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ። «አዲሱን ስገጥም አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጠፋ» የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ሁሉም የማዘርቦርዱ ማንዋል ላይ ተጽፏል። ማንም አያነበውም እንጂ።

ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም አስገባሁ፣ 8 ብቻ ያሳያል።

ነቅለህ፣ ቀጭ እስኪል ተጭነህ መልሳቸው። አራት ስሎት ካለህ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚገቡት። ካልሆነ አንዱን ራም በአንድ ስሎት፣ ከዚያ ሌላውን በዚያው ስሎት ሞክር። ሁለቱም ራሞች አንዱ ስሎት ላይ ብቻ እምቢ ካሉ ጥፋቱ ከራሙ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ከልክ በላይ ጠብቆ ወይም የፕሮሰሰሩ ሶኬት ውስጥ ፒን ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ፒን በመርፌ ማቅናት አያምርህ፤ ባለሙያ ይየው።

ግራፊክስ ካርዱ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰካው። አዎ፣ ሰክተሃል ብዬ አላምንም፤ ሄደህ እየው።

አንድ አባት ደግሞ የልጃቸውን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ቀየሩ። ኬብሎቹ የአሮጌው ናቸው፤ «ጫፉ ስለገጠመልኝ አልቀየርኳቸውም» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ዲስኮች አይነበቡም። ሌላ ዲስክ ሰክተው ሊሞክሩ ነው።

ይቅርብዎ! እባክዎ ምንም አይስኩ። ተነቃይ ኬብል በዲስኩ በኩል ያለው ጫፉ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ግን የጋራ ስምምነት የለም። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። 5 ቮልት መግባት ባለበት 12 ቮልት ከገባ ዲስኩ ይቃጠላል፤ ሦስተኛውንም ያስከትሉበታል። ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር የመጡትን ኬብሎች ብቻ ይጠቀሙ። ዲስኮቹ ላይ ያለው ፋይል የሚያስፈልግዎ ከሆነ የጠፋ ዳታ የሚመልስ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷቸው፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩንም ከፍተው አይዩ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይራት። ሲአር 2032 ትባላለች።