የጣና ዳር ነጥቦችህ ውሃ ውስጥ የገቡት በዳተም ምክንያት ነው

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂያችን ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ጊዮርጊስ በእግሩ እየሄደ በስልኩ ጂፒኤስ ነጥብ ወስዷል። በድሮው የ1:50,000 ቶፖ ካርታ ላይ ሲያሰፍራቸው ሁሉም ሐይቁ ውስጥ ገቡበት። «የተሳሳተው ስልኬ ነው ወይስ ካርታው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ የሚቆጥሩት ከተለያየ መነሻ ነው። የድሮዎቹ ቶፖ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻና የምድር ቅርጽ ስሌት ነው (አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለ የልኬት መነሻ ነጥብ ነው)። ስልክህ የሚሰጥህ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች፣ ካርታ ከመሠራቱ በፊት ቅርጿን በሒሳብ መወሰን ግድ ይላል። አዲንዳን የሚጠቀመው የክላርክ 1880ን ኤሊፕሶይድ (ጠፍጠፍ ያለ ሉል የሚመስለውን የሒሳብ ቅርጽ) ሲሆን ከመሃል እስከ ምድር ወገብ 6,378,249 ሜትር ነው፤ የደብሊውጂኤስ 84 ግን 6,378,137። የ112 ሜትሩ ልዩነት ሳያንስ የሁለቱ ማእከልም አንድ ቦታ ላይ አልዋለም። ለኢትዮጵያ ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 መቀየሪያው፣ ማለትም ማእከሉ በሦስቱ አቅጣጫዎች (X፣ Y፣ Z) የሚገፋበት መጠን፣ −165፣ −11 እና +206 ሜትር ነው።

ይህ ተደምሮ ባሕር ዳር ላይ ሲታይ፣ የአንድ ቦታ የስልክ ዩቲኤም ቁጥር (ዩቲኤም ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚቆጥር ሥርዓት ነው) ከካርታው ቁጥር ወደ ምሥራቅ 92፣ ወደ ሰሜን 207 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በቀጥታ መስመር ወደ 225 ሜትር ማለት ነው። በ1:50,000 ካርታ 1 ሚሊሜትር 50 ሜትር ስለሆነ 4.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በማስመሪያ ለክተህ ልታየው ትችላለህ። ከተማው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው ያለው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተገፋ የዳርቻ ነጥብ ከውሃው በቀር ወዴት ይገባል? ያው ስህተት በወረታ በኩል ባለው ምሥራቃዊ ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ነጥቦችህን ወደ የብስ ይወስድብህ ነበር።

ግን አምነህ ከመቀጠልህ በፊት ፈትሽ። ተራርቀው የሚገኙ ሦስት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ምረጥ፦ የአሮጌው አባይ ድልድይ ጫፍ (አዲሱን በዚያ ካርታ ላይ አትፈልገው)፣ የዋና መንገድ መገንጠያ፣ የቤተ ክርስቲያን ምልክት። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ በእኩል ርቀት ከሳቱ ዳተም ነው። ስህተቱ ወደ አንድ ዳር እየሰፋ ከሄደ ወረቀቱ ተስቧል ወይም ፎቶኮፒ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ገላጣ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 10 ሜትር ቢስት ነው፤ ያ በካርታው ላይ የእርሳስ ጫፍ አያክልም።

ማስተካከያው፦ ካርታውን ሳታጥፍ በ300 ዲፒአይ ስካን አድርግ። በኪውጂአይኤስ (የካርታ ፕሮግራም ነው) ጂኦሪፈረንሰር፣ ማለትም ስካኑን ከመሬት ቁጥሮች ጋር በሚያያይዘው መሣሪያ፣ ክፈተውና ቢያንስ ስድስት የፍርግርግ መስመር መገናኛዎችን ተጠቀም፤ አራቱን ከማእዘኖቹ አጠገብ፣ ሁለቱን ከመሃል። ሲአርኤሱን (የቁጥር አቆጣጠር ሥርዓቱን) ኢፒኤስጂ በሚባለው መለያ ቁጥር 20137 (አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን) አድርገው። ቀሪ ስህተቱ ከ3 ፒክስል ካለፈ አንዱን ቁጥር ተሳስተህ አስገብተሃል፤ 1 ፒክስል መሬት ላይ 4 ሜትር ገደማ ነው። የስልኩን ነጥቦች በዲግሪ እንዳሉ በኢፒኤስጂ 4326 (ደብሊውጂኤስ 84) ጫን። ፕሮግራሙ የትኛውን መቀየሪያ ልጠቀም ብሎ ከጠየቀህ ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጥ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ የሌየሩን (የነጥቦቹን ንብርብር) ሲአርኤስ ስም ብቻ ይቀይርና ነጥቦቹ የተቀየሩ ይመስለዋል። ስሙን መለወጥ ቁጥሩን አይነካውም፤ «ሪፕሮጀክት» ማድረግ፣ ማለትም ቁጥሮቹን ራሳቸውን ወደ ሌላው ሥርዓት አስልቶ መቀየር አለብህ። በእጅ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ከስልኩ የዩቲኤም ቁጥር 92 እና 207 ቀንስ፤ ለ1:50,000 ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ፕሮጀክሽኑ (ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለማስፈሪያው ዘዴ) አትጨነቅ። ባሕር ዳር ከዞኑ መሃል መስመር (39 ዲግሪ ምሥራቅ) 175 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የዩቲኤም ርቀትና የመሬት ርቀት እዚህ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም፤ በኪሎ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚለያዩት። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን 40 ሴንቲሜትር ይጎድልብህ ነበር።

ሁሉን አስተካክለህም ነጥቦችህ በካርታው ሰማያዊ መስመር ላይ ልክ ላይቀመጡ ይችላሉ። ሐይቁ በሰኔ አካባቢ ይሸሻል፣ ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የጨረጨራ ግድብ መውጫውን ይቆጣጠረዋል። መሬቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ላይ ውሃው 1 ሜትር ከፍ ካለ ዳርቻው 100 ሜትር ይገባል። በሳተላይት ምስል ላስተካክል ካልክም እምቦጭና ደንገል ውሃውን ሸፍነው መሬት መስለው ይታያሉ፤ በሴንቲኔል 2 (የአውሮፓ ሳተላይት ነው) ባለ 10 ሜትር ፒክስል ምስል ይህን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የዳርቻ ነጥብ ጎን የወሰድክበትን ቀን ጻፍ፣ በካርታህ ግርጌም ዳተሙንና ዞኑን።