«በስሜት ተነድቶ ነው» ማለት ይብቃችሁ

ልጆች፣ ተውኔት ሳዘጋጅ ነው ያረጀሁት። ወጣት ተዋንያን የትራጀዲ፣ ማለትም በጥፋት የሚያልቅ ተውኔት፣ ገጸ ባሕርይ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚሉኝ ነገር ሁሌም አንድ ነው፦ «ሰውየው በስሜት ተነድቶ ነው የጠፋው»። ከዚያ መጮህ ይጀምራሉ። እባካችሁ፣ ቶሎ አትጩኹ።

እስቲ የሼክስፒርን ኦቴሎ፣ የቬኒሱን ጦር አዛዥ፣ እንየው። ሦስተኛው ገቢር ላይ የበታች መኮንኑ ኢያጎ ሚስትህ ዴዝዴሞና ከሌላ ጋር ናት የሚል ጥርጣሬ ጠብ ሲያደርግበት የሚመልሰው እንደ ዳኛ ነው። ሳላይ አልጠረጥርም፣ ከጠረጠርኩም አረጋግጣለሁ ይላል። ምን ይወጣለታል? ጉዱ ያለው ማስረጃ ብሎ የተቀበለው ነገር ላይ ነው። ራሴን አመመኝ ሲላት ዴዝዴሞና በመሐረቧ ግንባሩን ልታስርለት ትሞክራለች፤ ትንሽ ነው ብሎ ገፋ ያደርገዋል፣ መሬት ይወድቃል፣ ሁለቱም ጥለውት ይሄዳሉ። የዴዝዴሞና ደንገጡር ኤሚሊያ አንስታ ለባሏ ለኢያጎ ትሰጠዋለች፤ እሱም ዴዝዴሞና ለሌላ ወንድ የሰጠችው ያስመስለዋል። እንግዲህ ሚስቱን ያስገደለው «ማስረጃ» እሱ ራሱ በእጁ የገፋው ጨርቅ ነው! ቅናቱ ማሰቡን አላስቆመውም። ጠበቃ አድርጎ ቀጠረው። ለዚህ ነው እዚያ ትዕይንት ላይ ገና ከመነሻው ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ተዋናይ ሲገጥመኝ የማስቆመው።

በጥንቱ ግሪካዊ በሶፎክለስ «አንቲጎኔ» ውስጥ ያለው ንጉሥ ክሪዮንም ያው ነው፤ አንቲጎኔ እንዳይቀበር የከለከለውን የወንድሟን ሬሳ ስለቀበረች ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ ያስዘጋባታል። አፉን ሲከፍት ስለ ሕግ፣ ስለ ሥርዓት፣ ስለ አገር ነው፤ የመጀመሪያ ንግግሩን ነጥላችሁ ብታነቡት ታጨበጭቡለታላችሁ። ልጁ ሄሞን ግን በትሕትና፣ አባቱን ሳያዋርድ፣ ጎርፍ ሲመጣ ጎንበስ የሚል ዛፍ ቅርንጫፉን ያተርፋል፣ የሚገትረው ከነሥሩ ይነቀላል ይለዋል። መልሱስ? በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ ልጅ ልማር እንዴ ነው። (እኛ ሽማግሌዎች ይቺን ቦታ ቶሎ ማለፍ እንወዳለን።) እዚህ ጋ ክርክሩ አለቀ፣ የቀረው «ተነካሁ» ብቻ ነው። ኋላ ነቢዩ ቲሬሲያስ ሲያስደነግጠው ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ልጅቷን አስፈታ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር ይሉታል። እሱ ገለበጠው። አጥቦ፣ አቃጥሎ፣ አፈር ከምሮ ዋሻው ጋ ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች።

የምታስፈራኝ ግን ባሏ ሌላ ስላገባባት የምትበቀለው ሜዲያ ናት። ሌላው ግሪካዊ ጸሐፊ ዩሪፒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 አቴንስ ላይ ለውድድር ሲያቀርባት ሦስተኛ ወጣ፣ ያውም ከሦስት። ልጆቿን ልትገድል ስትል የምትሠራው ክፋት እንደሚገባት፣ ቁጣዋ ግን ከሐሳቧ እንደሚበረታ በራሷ አፍ ትናገራለች። ደግሞ ግብታዊ እንዳትሏት፤ ማንንም ከመንካቷ በፊት የአቴንሱን ንጉሥ ኤጌውስን አስምላ መሸሸጊያዋን አዘጋጅታለች። ቁጣና ስሌት እንዲህ ተስማምተው ሲሠሩ ሌላ የትም አላየሁም።

ስለዚህ ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ገጸ ባሕርዩ አሳምሮ መከራከር የጀመረበትን መስመር አስምሩበት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና ክርክሩ ከመምጣቱ በፊት ምን ፈልጎ እንደነበር ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ታገኙታላችሁ። በንዴት የጻፋችሁት ረጅም መልእክት ካለም፣ ከመላካችሁ በፊት በዚያው እርሳስ ሞክሩት።

የሼክስፒርን ሐምሌት ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። ሲያስብ ጊዜ አለፈው የምንለው ልጅ፣ መጋረጃው ኋላ ማን እንዳለ ሳያይ የወጋውም እሱ ነው። እሱን ለእናንተ ተውኩት።