ከአንዲት የጥጥ ከተማ የወጡ ተዋንያንና ሙዚቀኞች፦ ስለ ኦልደም ጥያቄና መልስ

ኦልደም ከማንቸስተር በስተ ሰሜን ምሥራቅ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ናት። ስለ እንግሊዝ ቴአትርና ቴሌቪዥን በጻፍኩ ቁጥር ስሟ ስለሚደጋገም፣ «ይህቺ ከተማ ልጆቿን ምን ብታበላቸው ነው?» የሚል ጥያቄ በርክቶብኛል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ስሞቹን ከመደርደርዎ በፊት፣ ከተማዋ ምን ዓይነት ናት? ሀብታም ናት?

ነበረች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በጥጥ መፍተል የሚስተካከላት ከተማ በዓለም አልነበረም። በገናናነቷ ዘመን ከፈረንሳይና ከጀርመን ድምር የበለጠ ጥጥ ትፈትል እንደነበር ይነገርላታል። የመጨረሻው መፍተያ ፋብሪካ በ1998 ተዘጋ። ዛሬ ከእንግሊዝ ድሃ ከተሞች ጋር የምትቆጠር ናት።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ኦልደም በነበረችበት በላንክሻየር አውራጃ ፋብሪካዎች፣ ይልቁንም በሽመናው ክፍል፣ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር። ሴቶቹ ሠራተኞች ታዲያ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ከንፈራቸውን እያጋነኑ፣ በቅንድብና በጉንጭ እያገዙ፣ ያለ ድምፅ ያወሩ ነበር። የማንቸስተሩ ኮሜዲያን ሌስ ዳውሰን ይህንኑ ልማድ፣ የሴት ልብስ ለብሶ፣ በቴሌቪዥን እያሳየ ሀገሩን አስቋል። ይህንን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኤሪክ ሳይክስ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እንዲህ ያለች ከተማ ይህን ሁሉ ተዋናይ ያፈራችው በምን ምክንያት ነው? በአጋጣሚ?

በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ «ውሃው ነው» የሚሉትንም አላምናቸውም። ኦልደም የነበራት ነገር በር ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ለንደን ሳይሄድ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ የሚገባበት በር።

የመጀመሪያው ኮሊሲየም ቴአትር ነው። ከ1939 ጀምሮ ቋሚ የተዋንያን ጓድ ነበረው። በዚያን ዘመን እንዲህ ያሉ የየከተማው ጓዶች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ አንዳንዴም በየሳምንቱ፣ አዲስ ተውኔት ያወጡ ነበር። ማታ አንዱን ይጫወታሉ፤ ቀን የሚቀጥለውን ያጠናሉ። ስለዚህ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላቸዋል። መድረክ ለመጥረግና ወንበር ለመሸከም የተቀጠረ ልጅ ብዙም ሳይቆይ አሽከር ወይም ፖስተኛ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ተመልካች ሲስቅለት ያኔ ነገር ይበላሻል፤ ወደ ፋብሪካ አይመለስም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዴቪድ ጆንሰን የተባለ ሰው የኦልደም ቴአትር ወርክሾፕን አቋቋመ። ልጆችና ወጣቶች ከትምህርት ቤት ውጪ ትወና የሚማሩበት፣ የከተማው ምክር ቤት የሚያስተዳድረው ተቋም ነው። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የምታዩአቸውን ሰሜናውያን ብትጠይቁ ብዙዎቹ በዚያ አልፈዋል። የአጎራባቿ የሮችዴል ልጅ ተዋናይት አና ፍሪየል እንኳ የተማረችው እዚያ ነው።

የሚቀጥለውን ሰዎች ይረሱታል። ማንቸስተር ውስጥ ግራናዳ የተባለው ቴሌቪዥን ነበረ፤ እርሱም ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለውን፣ እስከ ዛሬ ያልቆመውን ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ታሪኩ በላብ አደሮች መንደር የሚካሄድ ስለሆነ የአካባቢውን አነጋገር ከአፉ የሚያወጣ ተዋናይ አስፈለገ። ከዚያ በፊት የሰሜን ልጅ ለዋና ገጸ ባሕርይ ሲታጭ ቅላጼውን እንዲደብቅ ይመከር ነበር። አሁን ቅላጼው ራሱ እንጀራ ሆነ፤ እንጀራውም በአውቶቡስ በሚደረስበት ርቀት ላይ ነበር።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በኮሊሲየም መድረክ ላይ ሰው ተወግቶ ሞተ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የተዋንያን ተረት?

እውነት ነው። በ1947 ሃሮልድ ኖርማን የተባለ ተዋናይ ማክቤዝን ሲጫወት፣ በመጨረሻው የሰይፍ ፍልሚያ ላይ በእርግጥ ተወጋ፤ ከሳምንታት በኋላም ሞተ። ተውኔቱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለእኛ ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ የእንግሊዝ ተዋንያን ግን ስሙን በቴአትር ቤት ውስጥ መጥራት ገደ ቢስ ነው ብለው «የስኮትላንዱ ተውኔት» ይሉታል። የኖርማን ሞት ይህንን ፍርሃት ለሚያምኑ ሁሉ ዋና ማስረጃ ሆኖላቸዋል። እኔ ከእርግማን ይልቅ ያልደነዘ ሰይፍን እከስሳለሁ።

ቤቱ በ1885 የሰርከስ አዳራሽ ሆኖ ተከፍቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ወደ ፌርቦተም ጎዳና የተዛወረው። ቻርሊ ቻፕሊንና ስታን ሎረልም ስማቸው ሳይገን እዚያ ሠርተዋል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጡ ቢባሉ?

ኤሪክ ሳይክስ፤ ሳላመነታ። በ1923 ተወለደ፤ እናቱ እርሱን ስትወልድ ሞተች። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ አገለገለ፤ እንጀራው በጆሮው ነበር ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለሬዲዮ ኮሜዲ በመጻፍ ገነነ፤ ከኮሜዲያኑ ስፓይክ ሚሊገን ጋርም ሠርቷል። ከዚያም በጎልማሳነቱ ጆሮው ከዳው።

በቴሌቪዥን የሚያደርገው ወፍራም ጥቁር መነጽር መስታወት አልነበረውም። ድምፅን በአጥንት በኩል የሚያስተላልፍ የመስሚያ መሣሪያ ነበር። በዚህ ሁኔታ ነው ከተዋናይቷ ሃቲ ጃክስ ጋር፣ ወንድምና እኅት ሆነው፣ ከ1960 አንሥቶ በመሐል እየተቋረጠ እስከ 1979 የዘለቀውን ኮሜዲ የሠራው። ኮሜዲ ማለት ደግሞ ጊዜን መጠበቅ ነው። ሳቁን የማይሰማ ሰው ሳቁ መቼ እንደሚያልቅ እንዴት ያውቃል? የጓደኞቹን ከንፈር ያነብ ነበር።

በ1967 «ዘ ፕላንክ» የተባለውን፣ ሁለት ሰዎች አንድ ጣውላ ተሸክመው ሲሄዱ የሚያደርሱትን ጥፋት የሚያሳይ ፊልም ጽፎ አዘጋጀ። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ቀድሜ ያዙልኝ ያልኳችሁን የፋብሪካ ሴቶች አሁን አስታውሱ። ያለ ድምፅ በሚወራበት አውራጃ ያደገ፣ ጆሮው የከዳው ሰው፣ ያለ ንግግር ሰው አሳቀ። ዝምድናው የእኔ ግምት ነው፤ ግን እጄን አልሰጥም።

በስተርጅና ዓይኑም ደከመ፤ እርሱ ግን መሥራቱን አላቆመም። ወጣቶቻችሁ በ2005ቱ የሃሪ ፖተር ፊልም መክፈቻ ላይ፣ በሌሊት ወደ ባዶው ቤት የሚወጣውን ሽማግሌ አትክልተኛ ታስታውሱ ይሆናል። እርሱ ነው። በ2012 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በርናርድ ክሪቢንስስ?

መድረክ ጠርጎ ያደገ ልጅ ማለት እርሱ ነው። በ1928 ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ኮሊሲየም ውስጥ ለነበረው ጓድ የመድረክ ረዳት ሆነ። ቀጥሎ በፓራሹት ክፍለ ጦር በፍልስጥኤም አገልግሏል። በ1962 በጆርጅ ማርቲን አቀናባሪነት የቀዳቸው አስቂኝ ዘፈኖች ተወዳጅ ሆኑለት፤ ያው ማርቲን በዚያው ዓመት ቢትልስን መቅዳት ጀመረ። ለልጆች ታሪክ በሚነበብበት የቢቢሲ ዝግጅት ከመቶ ጊዜ በላይ ቀርቧል። «ዶክተር ሁ» በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪክ በ1966 ወጣት ፖሊስ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ አያት ሆኖ ተመለሰ። በ2022 ሲሞት፣ በአያትነቱ የቀረጸው የመጨረሻ ትዕይንት ገና አልታየም ነበር።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በዘንዶዎቹ ተከታታይ ድራማ ላይ ንግሥት አሊሰንትን የምትጫወተው ኦልደሜ ናት ሲሉ ሰማሁ። ግን አነጋገሯ የቤተ መንግሥት ነው።

ኦሊቪያ ኩክ ናት፤ የ1993 ልደት፣ የቴአትር ወርክሾፑ ልጅ። ወደ ስመ ጥሩው የለንደን ድራማ ትምህርት ቤት አመልክታ አልተቀበሏትም። ጉዳት አልደረሰባትም፤ ብዙም ሳትቆይ በአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ገባች፤ በ2018 ደግሞ በስፒልበርግ ፊልም ዋና ተዋናይት ሆነች። አነጋገሯን በተመለከተ፣ እኅቴ፣ ቃለ መጠይቅ ስትሰጥ አዳምጪያት። ንግሥቲቱ ትጠፋና የማንቸስተር ሰፈር ልጅ ትመጣለች።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ሣራ ላንክሻየር ወይስ ሱራን ጆንስ?

ጠብ ልታስነሡብኝ ነው። ሁለቱም በኮሮኔሽን ስትሪት ታወቁ፤ ሁለቱም ያንን ምቹ ወንበር ትተው ወጡ። ላንክሻየር፣ አባቷ ጄፍሪ የዚያው ድራማ ጸሐፊ ነበር፤ ከ1991 ጀምሮ ራኬል የተባለችውን የዋህ አስተናጋጅ ተጫወተች። ብዙ ሰው «ይህቺ ከዚህ አታልፍም» ሲል፣ በ2014 በ«ሃፒ ቫሊ» የሣጅን ካትሪን ኬውድን ዩኒፎርም ለብሳ መጣች። ጆንስ በ2000 ገብታ በ2004 ወጣች፤ በ2015 በ«ዶክተር ፎስተር» የተከዳች ሚስት ሆና ባፍታ የተባለውን የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ተሸለመች፤ በ2019 ደግሞ በ«ጀንትልማን ጃክ» የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባለርስት አን ሊስተርን ሆነች። ሁለቱን ሥራዎች፣ ሃፒ ቫሊንና ጀንትልማን ጃክን፣ የጻፈችው አንዲት ሴት ናት፤ የሀደርስፊልዷ ሳሊ ዌይንራይት።

ፍርዴን ከፈለጋችሁ ላንክሻየር። ጆንስ ስትቆጣ ክፍሉ ይሞላል። ላንክሻየር ሻይ እየቀዳች ትቆጣለች፤ እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በአንድ ድራማ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ሴቶችስ አሉ ይባላል?

ባርባራ ኖክስ በ1933 ተወለደች፤ በኮሮኔሽን ስትሪት ሪታ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ በ1964 አንድ ጊዜ ሞክራ፣ ከ1972 ጀምሮ በቋሚነት ይዛታለች። አን ከርክብራይድ በዚያው ዓመት ዲርድሪ ሆና ገብታ እስከ 2014 ቆየች፤ በ2015 በ60 ዓመቷ ሞተች። ከርክብራይድም በኮሊሲየም የመድረክ ሥራ ነው የጀመረችው፤ አባቷ የከተማው ጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር። በ1998 ዲርድሪ ባልሠራችው ወንጀል እስር ቤት ስትገባ ሀገሩ «ይፈቷት» ብሎ ተነሣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር እንኳ በቀልድ መልክ ተቀላቀሉ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ሙዚቃውን ረሱት እኮ።

አልረሳሁትም፤ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። በአጭሩ ላስቀምጠው። ዊልያም ዋልተን በ1902 ተወለደ፤ አባቱ የመዘምራን አሠልጣኝ ነበር። በአሥር ዓመቱ ለኦክስፎርድ መዘምራን ትምህርት ቤት ሊፈተን ሲሄድ አባቱ የባቡሩን ገንዘብ መጠጥ ቤት ስላጠፋው ባቡሩ አመለጣቸው ይባላል። ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፤ በ1937ና በ1953 ዘውድ ለጫኑት የእንግሊዝ ነገሥታት የዘውድ በዓል ሰልፍ ሙዚቃ የደረሰው እርሱ ነው።

ባርክሌይ ጄምስ ሃርቨስት በሀገሩ ብዙም ያልተከበረ ባንድ ነው። ጀርመኖች ግን አበዱለት፤ ነሐሴ 30 ቀን 1980 በምዕራብ በርሊን፣ በቀድሞው ፓርላማ ፊት ለፊት፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በነጻ አዳመጠው። ኢንስፓይራል ካርፔትስ ጥሩ ባንድ ነበር፤ ዕድሉ ሆኖ ግን ዛሬ ይበልጥ የሚነሣው በዕቃ ተሸካሚው ነው። ዕቃ ተሸካሚው ኖኤል ጋላገር ነበር፤ በኋላ በኦኤሲስ የገነነው። የዳንሱ ጓድ ኤን ትራንስ የተመሠረተው በኦልደም ኮሌጅ ድምፅ ቀረጻ በሚማሩ ሁለት ወጣቶች ነው። ቴክ ዛት የተባለው የዘፋኞች ጓድ አባል ማርክ ኦወንም የኦልደም ልጅ ነው። ፕሮፌሰር ብራያን ኮክስ ደግሞ ስለ ከዋክብት በቴሌቪዥን ከማስተማሩ በፊት፣ በ1994 የእንግሊዝን የሽያጭ ሠንጠረዥ በመራው ዲሪም ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ተዋናዩ ክሪስቶፈር ቢጊንስና የቴሌቪዥን አቅራቢው ፊሊፕ ስኮፊልድ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም?

ተወልደውባታል። አንዱ ያደገው ሳልስበሪ፣ ሌላው ኮርንዎል ነው። እኔ የምቆጥረው በበሩ የገባውን ነው።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ከተማዋ የእስያ ተወላጆች የበዙባት ናት። በሩ ለእነርሱስ ተከፍቷል?

ዘግይቶ፣ በከፊል። ወላጆቿ ከህንድ የመጡት ሾብና ጉላቲ በ1966 ኦልደም ተወለደች፤ በኮሮኔሽን ስትሪት ሱኒታን ለዓመታት ተጫውታለች። ነገር ግን ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ ለጥጥ ፋብሪካ ሥራ የመጡ ቤተሰቦች ብዛት ሲታይ፣ በማያ ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ገና ትንሽ ነው።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ ቴአትር ቤቱ ተዘጋ ሲባል ሰምተናል። ልጄ ትወና ትወዳለች፤ ሰፈራችን ቅርብ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኮሊሲየም የመንግሥቱን የኪነ ጥበብ ድጎማ ካጣ በኋላ መጋቢት 31 ቀን 2023 በሩን ዘጋ። ብዙ ተዋንያን ተቃወሙ። በ2024 አጋማሽ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ሕንጻው ታድሶ እንደሚከፈት አስታወቀ። አንድን ቋሚ ጓድ መበተን ቀላል ነው፤ መልሶ መሰብሰብ ግን ከሕንጻ ዕድሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ ደስታዬን በልኩ አድርጌዋለሁ።

ለልጅሽ ግን፣ እኅቴ፣ ኮሊሲየምን አትጠብቂ፤ የቴአትር ወርክሾፑን ጠይቂ። ከማንቸስተር መሐል ከተማ ትራም ኦልደም ድረስ ይሄዳል። ስትመዘገብ አማርኛ እንደምትናገር አትደብቂ፤ አነጋገሯንም እንድታስተካክል አትገፋፊያት። ዓይን አፋር ከሆነች ደግሞ ስለ መብራትና ስለ ድምፅ ሥራም ጠይቂላት፤ መድረክ ላይ የሚቆመው ሁሉ በንግግር አልጀመረም።