«ኮዱን ራሳቸው ሰጥተዋል» ከተባለ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽንም ከስሩ የተጻፉትን አስተያየቶችም አነበብኩ። ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። አባትሽ ጋ «ከባንኩ ነኝ» የሚል ሰው ደወለ። አካውንታቸው ሊዘጋ ነው አላቸው። እሳቸውም ስልካቸው ላይ የገባውን ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ነገሩት። ወዲያው ገንዘቡ ወጣ። ባንኩ ደግሞ «ኮዱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። አንቺ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ደግሞስ እኔ ገንዘብ ላስገባ ስሄድ «ከየት አመጣሽው» እያለ ቁም ስቅሌን የሚያሳየኝ ባንክ ሌባውን እንዴት አያየውም?

ባንክ ውስጥ የማጭበርበር አቤቱታ በሚታይበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። መልሴ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

መጀመሪያ የሚያስቸኩለው። ገንዘቡ ከወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው አልጻፍሽም። ገና ሰዓታት ከሆኑት ማንበቡን ተዪውና ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውዪ። የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የገባበት ባንክ አሁኑኑ እንዲነገረውና የቀረው ሂሳብ እንዲታገድ። «እናጣራለን» ብለው እንዳይሸኙሽ። የአቤቱታ ቁጥርና ለተቀባዩ ባንክ ያሳወቁበትን ሰዓት ተቀበያቸው። ቀናት ካለፉም ጠይቂ። ሁሉም ሌባ ፈጣን አይደለም። አንዳንዱን በቀን ማውጣት የሚቻለው ገደብ ይይዘውና ከፊሉ ገንዘብ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። ፖሊስ ጋም ሂጂ። የተቀባዩን ማንነት ባንኩ ላንቺ አይነግርሽም፤ በሕጉ መንገድ ለሚጠይቀው መርማሪ ግን ይሰጣል።

የአባትሽን ስልክ ደግሞ እዪው። በጥሪው መሐል «ይህን አፕ አውርዱ» ተብለው ከነበረ ሰውየው ስልኩን ከሩቅ እያየው ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔቱን ዝጊ፣ የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ ስልክ ቀይሪ። መልዕክቶቹንና የጥሪ ዝርዝሩን ግን እንዳትነኪ። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነሱን ነው፤ ማስረጃው ደግሞ እነሱው ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከስር «እንዴት ኮድ ለሰው ይሰጣል?» ብላችሁ የጻፋችሁ አላችሁ። ጥሪው ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ደዋዩ የአባትየውን ሙሉ ስም ያውቃል። አንዳንዴ የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችም ያውቃል። ይህን የመሰለ መረጃ ከዚህም ከዚያም አምልጦ ይሸጣል። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር የባንኩ ሊሆን ይችላል፤ የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት ለሌባ ከባድ ሥራ አይደለምና። ሰውየው እያወራ በሌላ እጁ የባንኩን አፕ ከፍቶ «የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የሚለውን ይነካል። ኮዱን የሚልከው እንግዲህ ባንኩ ራሱ ነው። መልዕክቱ እውነተኛ ነው፣ የመጣውም በትክክለኛው መንገድ ነው። «ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍም አለበት። ሌባው ይህን አስቀድሞ ያውቃል። «ለማንም እንዳይሰጡ፤ ለእኔም አይንገሩኝ፣ ለሲስተሙ ብቻ በስልኩ ያስገቡ» ይላል። አባትየው ቁጥሮቹን ሲጫኑ የሌባው ኮምፒዩተር ያነባቸዋል። እንዲህ አድርገው የባንክ ሠራተኛም ሸውደዋል።

በአጭር ጽሑፍ መልዕክትም ያው ነው። በ2021 መጨረሻ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሲንጋፖር ውስጥ የኦሲቢሲ ባንክ ደንበኞች ላይ የደረሰው ጥሩ ማሳያ ነው። የሌቦቹ መልዕክት በባንኩ ስም ስለተላከ ስልኮቹ ከእውነተኞቹ የባንክ መልዕክቶች ጋር አንድ ላይ ደረደሩት። ወደ 790 የሚጠጉ ደንበኞች 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ገደማ አጡ። ባንኩ በኋላ ሙሉውን ከፈላቸው። የእኔ ቀልብ የሚሄደው ግን ቀጥሎ ወደመጣው መመሪያ ነው። በጥር 2022 የአገሪቱ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባንኮች ለግል ደንበኞች በሚልኩት ኢሜይልና አጭር መልዕክት ውስጥ ሊንክ እንዳይኖር አዘዘ። የባንኩ የማረጋገጫ ቁልፍ በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፈትም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት እንዲቆይ አደረገ።

ያቺ 12 ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። የሌባ ጠላቱ ሰዓት ነው። አባትሽ ስልኩን ዘግተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ለአንቺ ቢነግሩሽ ኖሮ ነገሩ ይነቃ ነበር። ለዚህ ነው «አሁኑኑ፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ» የሚባለው። ትልልቆቹም ላይ እንዲሁ ነው። በየካቲት 2016 ሌቦች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኒውዮርክ ካስቀመጠው ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ለማውጣት ሲሞክሩ የበዓልና የዕረፍት ቀናትን መርጠው ነው፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር። 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ገብቶ ተበተነ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ግን የተቀባዩ ስም ሲጻፍ ፊደል ተሳስቶ ስለነበር አንድ ሰው ቆም ብሎ ጠየቀ፤ ገንዘቡም ተረፈ።

ወደ ጥያቄሽ፤ ይመለሳል ወይ? እንደየአገሩ ሕግ ነው። አንድ ልዩነት ግን የትም ብትሆኚ ይጠቅምሻል። ገንዘቡን ሌባው ገብቶ ነው የላከው ወይስ ባለቤቱ ራሱ ተታሎ ላከው? የአባትሽ የመጀመሪያው ነው። እሳቸው ኮድ ሰጡ እንጂ ዝውውሩን አላዘዙም። በአውሮፓ ኅብረት የክፍያ ሕግ ባለቤቱ ያላዘዘው ክፍያ ይመለሳል፤ የተሰረቀ ካርድ ወይም መለያ ከሆነም ደንበኛው ሊሸከም የሚችለው ቢበዛ 50 ዩሮ ነው። ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ከታየበት ግን ይህ አይሠራም። ባንኮች ሁሌ ወደዚህች «ከባድ ቸልተኝነት» የምትል ሐረግ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነገር ጨምሯል። መለያው በሲስተሙ ላይ ጥቅም ላይ ውሏል ተብሎ መመዝገቡ ብቻውን ደንበኛው ፈቅዷል ወይም በጣም ቸል ብሏል ለማለት የግድ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ሰው ተታሎ በገዛ እጁ የላከው፣ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በሕግ የተረጋገጠ መመለሻ አልነበረውም። ብሪታንያ ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ በአገር ውስጥ ለተላከ እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ ባንኮች እንዲመልሱ አስገደደች። ወጪውን ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ይህ የተቀባዩ ግማሽ ነው ብልህነቱ። ለሌባ አካውንት የከፈተ ባንክ ከኪሱ ሲከፍል በሩን ማየት ይጀምራል።

ያንቺ አገር እንዲህ ዓይነት ሕግ ባይኖረውም እጅሽ ባዶ አይደለም። አቤቱታውን በጽሑፍ አድርጊውና «ኮዱን ሰጥተዋል» የሚለው መልስ የማይሸፍናቸውን ጥያቄዎች ጠይቂ። በዚያ ሰዓት አዲስ ስልክ ወደ አካውንቱ ገብቷል? ከገባ ለአባቴ በምን አሳወቃችኋቸው? የቀን ገደቡ ከዝውውሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ከፍ ተደርጓል? አባቴ ከዚህ በፊት ለዚህ ተቀባይ ልከው ያውቃሉ? እንዲህ ያለ መጠን በአንድ ጊዜ አውጥተው ያውቃሉ? እኛ ያሳወቅንበትና እናንተ ያገዳችሁበት ሰዓት ስንት ነው? እኔ በነበርኩበት ክፍል ፋይል እንደገና የሚከፈተው በእንባ ወይም በቁጣ አልነበረም። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ታስከፍተው ነበር፤ በሁለቱ ሰዓቶች መሐል ገንዘብ ወጥቶ ከተገኘ የባንኩ ጥፋት ነዋ። ባንኩ እምቢ ካለ ደግሞ በላዩ ተቆጣጣሪ አለ። እዚያም የሚታየው ይኸው ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይበልጥ ይገርመኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ነገር አንድ ሥራ ነው። ከአባትሽ የወጣው ገንዘብ አየር ላይ አልቀረም። የሆነ ሰው አካውንት ውስጥ ገብቷል። ያ አካውንት ብዙ ጊዜ የሌባው አይደለም። በእውነተኛ መታወቂያ የተከፈተ፣ በኮሚሽን የተከራየ የተማሪ ወይም የሥራ አጥ አካውንት ነው። «ቤትህ ተቀምጠህ ሥራ፤ ገንዘብ ይገባልሃል፣ የራስህን ቀንሰህ ቀሪውን ላክ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በባንክ በኩል ሲታይ እንዲህ ይመስላል። ወራት ሙሉ ዝም ያለ አካውንት በድንገት ከማይተዋወቁ ሰዎች ገንዘብ ይገባበታል፤ ደቂቃ ሳይቆይ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ሳንቲም ይቀራል። «ሥራሽ ምንድን ነው፣ ገንዘቡ ከየት ነው» የሚባለው ይህን ለመለየት ነው። ተማሪ ነኝ ያለ ሰው በሳምንት የነጋዴ ያህል ሲያዘዋውር ለመንቃት መጀመሪያ ተማሪ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ደንቡ የአንድ ባንክ ፈጠራ አይደለም። በ1989 የቡድን 7 አገሮች ፓሪስ ላይ ያቋቋሙት፣ የወንጀል ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ በባንክ እንዳያልፍ የሚሠራ ፋትፍ የሚባል ግብረ ኃይል አለ። 40 ምክረ ሐሳቦቹ በአብዛኛው ዓለም ወደ ሕግ ተለውጠዋል። ባንኩ አንድ ዝውውር ከጠረጠረ ለመንግሥት የፋይናንስ መረጃ ክፍል ያሳውቃል፤ ማሳወቁን ለደንበኛው መንገር ግን ክልክል ነው። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ ነው» እያለች የምትሸሽሽ አንዳንዴ በዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እውነትም ሲስተሙ ነው።

ቅሬታሽ ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። ብዙ ባንክ ጥያቄውን የሚጠይቀው ቅጹ እንዲሞላ ብቻ ነው። መልሱን የሚያነብ የለም። ትንሿን ደንበኛ እያስጨነቁ ትልቁ ሲያልፍ ታይቷል። ኤችኤስቢሲ በ2012 በዚህ ጉድለት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ቲዲ ባንክ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኝነቱን አምኖ 3 ቢሊዮን ገደማ ከፈለ። ቅጣቱ ሲመጣ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ገንዘቡ ድሮ ሄዷል።

ጥያቄው በደንብ ሲጠየቅ ግን ሰው ያድናል። አንዴ አንዲት እናት ያላቸውን ሁሉ ሊልኩ መጡ። ቴለሯ ለማን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «ለወንድሜ ልጅ፣ ለሕክምና» አሉ። መልሱ ቶሎ መጣ፣ እንደተጠና ነገር። ዓይናቸው ግን በየመሐሉ ወደ ቦርሳቸው ይሄዳል። ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ስልኩ ላይ የሚያዳምጥ ሰው አለ?» ብላ ጽፋ አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርሳው ውስጥ ያለው ስልክ አልተዘጋም ነበር፤ ሌባው የባንኩ ሠራተኞች ሌቦች ስለሆኑ እውነቱን እንዳይነግሯቸው አስጠንቅቋቸዋል። ይህን ማንም ኮምፒዩተር አያየውም።

ለአባትሽ ከዚህ በኋላ። የዕለት የዝውውር ገደባቸውን የሚፈልጉትን ያህል ብቻ አድርጉት፤ ይህ ከምክር ሁሉ ይሻላል። የቁጠባውን ገንዘብ ሞባይል ባንኪንግ በሌለው ሌላ አካውንት አስቀምጡት። ሲም ካርዳቸው ያለ እሳቸው ለሌላ እንዳይወጣ በቴሌኮሙ በኩል መቆለፊያ ካለ አስደርጉ፤ ስልኩ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣ ሲሙ ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል ባንክ መደወል ነው። ባንኩ በአጭር መልዕክት ፈንታ በአፕ ወይም በጣት አሻራ የሚያረጋግጥበት መንገድ ካለው ወደዚያ ቀይሩ። «ከባንክ ነኝ» የሚል ሲደውል ማንም ይሁን ይዘጋል፤ ከዚያ እሳቸው ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ቁጥር ይደውላሉ። ስልክ መዝጋት ነውር የሚመስላቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ። ፈቃድ ስጫቸው። የምታውቁት ሰው ድምፅ ወይም ምስልም ዋስትና አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን ያየ መስሎት 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ልኳል። ምስሎቹ በሙሉ የተፈበረኩ ነበሩ።

አትቆጫቸው ደግሞ። የተቆጡት ሰው ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ይደብቃል፤ ሁለተኛ ጥሪ ደግሞ ይመጣል። የተሸወደ ሰው ስልክ ቁጥር በሌቦች ዘንድ ዋጋው ይጨምራል።

ያንቺም እንደዚሁ። ይህን ጥያቄ በአደባባይ ስለጻፍሽ ኢንቦክስሽ ሳይሞላ አይቀርም። «እኔም ተሸውጄ እከሌ አስመለሰልኝ»፣ «ሃከር ነኝ፣ አካውንቱን ሰብሬ አወጣልሻለሁ»፣ «ጠበቃ ነኝ፣ የፋይል ማስከፈቻ ቅድሚያ ላኪ» ይሉሻል። ከስር «ዲኤም አድርጊኝ» ያሉት ሁለቱ አካውንቶች በቅርቡ የተከፈቱ ናቸው፣ አይቻቸዋለሁ። አድሚኖች ብታነሷቸው ጥሩ ነው። የአቤቱታ ደብዳቤውን ስትጽፊ ካስቸገረሽ የሰዓቶቹን ቅደም ተከተል እዚሁ አስፍሪልኝ፤ የአካውንት ቁጥርና ስም ሳታስገቢ። ለእኔም ኢንቦክስ እንዳታደርጊ።