ማሟያው ሳይመጣ ዱቄቱን አይረከቡ፦ የክሮሞጄኒክ ልየታ ለመጀመር ለጠየቁን ባልደረባ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ሆስፒታልዎ በጽኑ ሕሙማንና በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚተኙ ታካሚዎች መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ተሸክመው እንደሆነ በክሮሞጄኒክ ሚዲያ (ባክቴሪያዎችን በሚያወጡት ቀለም በሚለይ ማሳደጊያ) ለመለየት ማሰቡን ጽፈው፣ የትኛውን ምርት ብትገዙ እንደሚሻል፣ ከምን እንደምትጀምሩና ተሸካሚ ሆኖ የተገኘውን ታካሚ ምን እንደምታደርጉት ጠይቀዋል። እኔም በክልል ከተማ በሚገኝ ሪፈራል ሆስፒታል ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሥራ ከዜሮ ያስጀመርሁ ስለሆንሁ፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉ በዝርዝር እመልሳለሁ። የስዋብ (የጥጥ ናሙና መውሰጃ) አወሳሰድና የፕሌት (ሚዲያው የሚፈስበት ሳህን) አዘራር ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

1. የምርቱን ስም ከመምረጥዎ በፊት የሚፈልጉትን ባክቴሪያ ይምረጡ። የእኔ ምክር ካርባፔነምን (ሜሮፔነምን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችን) በተላመዱት የአንጀት ባክቴሪያዎች እንድትጀምሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የእነዚህን ተሸካሚዎች በልየታ መፈለግን ይመክራል፤ በእኛ ዋርድ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን ሲያቅት ከሜሮፔነም ሌላ የሚያዝ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የለም። የኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. (ሴፍትሪያክሶንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችን የሚሰብር ኢንዛይም) ፕሌት ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች ይኖራሉ። ነገር ግን የኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ተሸካሚ በእኛ አገር ሆስፒታሎች እጅግ ብዙ በመሆኑ ለተገኘው ሁሉ የሚበቃ ክፍል አይገኝም፤ ውጤቱም ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ሻጩ ፕሌቱ የትኞቹን ካርባፔነሜዝ (ካርባፔነምን ሰባሪ) ኢንዛይሞች ያሏቸውን ባክቴሪያዎች እንደሚለይ በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ ጠይቁ። በአገራችን አብዝቶ የሚገኘው ኤን.ዲ.ኤም. የተባለው ኢንዛይም ነው፤ ኦክሳ 48 የተባለው ግን ካርባፔነምን በደካማው ስለሚሰብር በአንዳንድ ፕሌቶች ላይ ሳያድግ ሊያመልጥ ይችላል።

2. ይህን ነጥብ እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ክሮሞጄኒክ ሚዲያ በዱቄት ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ መሠረቱ ዱቄት፣ ሌላው ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣው መራጭ ማሟያ፣ ማለትም ሰፕልመንቱ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከዱቄቱ ነው፤ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በቤታ ጋላክቶሲዴዝ ኢንዛይሙ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ሲሰብር ወደ ቀይ የሚያደላ ሮዝ ይሆናል፣ ክሌብሲየላ የተባለው ሌላው የአንጀት ባክቴሪያ ደግሞ በቤታ ግሉኮሲዴዝ ሌላውን ሰብሮ ብረት መሰል ሰማያዊ ይሆናል። መድኃኒቱን የማይቋቋመውን ባክቴሪያ ከፕሌቱ የሚያስቀረው ግን ማሟያው ነው። ቀለሙ ስም ጠሪ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ማሟያው ነው።

እኛ በግዥ መጠየቂያው ዝርዝር መግለጫ ላይ ሁለቱንም በሁለት ተራ ቁጥር ጽፈን አስገባን። የሆስፒታላችን ግዥ ክፍል ዝቅተኛውን ዋጋ የሰጠው አቅራቢ ዱቄቱን ብቻ ማቅረቡን አይቶ፣ ሁለተኛውን ተራ ቁጥር «ተጨማሪ ዕቃ» ብሎ ሰረዘውና አሸናፊውን ለየ። ላቦራቶሪው ሳይጠራ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። በሞዴል 22 ወጪ አድርገን ካርቶኑን ስንከፍት የዱቄት ማሰሮ እንጂ ብልቃጥ የለም። ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ ስላላገኘሁ ራሴ ሄድሁ። ኃላፊው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ዐይናቸውንም ከወረቀታቸው ሳያነሱ፣ «ዱቄቱ መጥቷል፣ ቀለሙም ይወጣል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉኝ። የሕፃናት ሕይወት የተንጠለጠለበትን ዕቃ እንደ ጽሕፈት መሣሪያ መቁጠራቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ለማስረጃ ያህል ጥቂት ፕሌት አፈሰስሁ። በአንዱ ላይ ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 (ቁጥሩ የመደበኛ ባክቴሪያ መለያ ነው) ዘራሁ፤ ይህ መቆጣጠሪያ ባክቴሪያ በካርባፔነም የሚሞት በመሆኑ በትክክለኛ ፕሌት ላይ ማደግ የለበትም። በማግሥቱ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ከመጀመሪያው ጭረት እስከ መጨረሻው ደማቅ ሮዝ ሆኖ ፕሌቱን ሞልቶታል፤ ኮሎኒዎቹ (የባክቴሪያ ክምችቶቹ) ክብ፣ የሚያብረቀርቁ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ እንደሚታተሙት ያሉ ነበሩ። በዚያ ፕሌት ላይ የማንኛውም ጤነኛ ሰው ሰገራ ቢዘራ ያው ሮዝና ሰማያዊ ይወጣ ነበር፤ ማንም ቢያየው «ይሠራል» ይላል።

ከዋርድ ስዋብ መምጣት ጀምሮ ስለነበር ውጤቱ የሚወጣበትን ቀን ከአስተዳደር በኩል በተደጋጋሚ እጠየቅ ነበር። ያን ፕሌቱን ይዤ ለሕክምና ዳይሬክተሩ አሳየሁና ማሟያው እስኪመጣ ከዚህ ሚዲያ አንድም ውጤት በፊርማዬ እንደማይወጣ ነገርኋቸው። ውጤቱ ቢወጣ ኖሮ በዚያ ክፍል ያሉት ሕፃናት ሁሉ ተሸካሚ ተብለው ይመዘገቡ፣ ትኩሳት ያሳየው ሁሉ ያለ በቂ ምክንያት ሜሮፔነም ይጀመርለት ነበር። ዳይሬክተሩ ተረድተው ደገፉኝ፤ በዚህ ውሳኔዬ እኮራለሁ። ማሟያው የተገዛው ግን በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የተከፈተው ዱቄት እርጥበት ስቦ ተጓጉሎ፣ በመቆጣጠሪያ ባክቴሪያ ሲፈተሽ ስላላለፈ በኮሚቴ ተወገደ። የውጭ ምንዛሪ የተከፈለበት ዕቃ አንድ ታካሚ ሳይጠቅም መጣሉ ነው የሚያሳዝነኝ።

ስለዚህ በመጠየቂያችሁ ላይ «መሠረት ዱቄት ከነመራጭ ማሟያው፣ በአንድ ተራ ቁጥር፣ በአንድ ዋጋ፣ ከአንድ አምራች» ብላችሁ ጻፉ፤ ርክክቡም የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳይፈርም እንዳይፈጸም በቃለ ጉባኤ አስወስኑ። የማሟያው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀመጥ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በሚያገኝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሁን።

3. ዝግጅቱን በተመለከተ፣ እንደ ማክኮንኪ (እንደ ተለመደው የአንጀት ባክቴሪያ ማሳደጊያ) አድርጋችሁ 121 ዲግሪ ላይ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከን) አታድርጉት። ብዙዎቹ የክሮሞጄኒክ ዱቄቶች እየተማሰሉ በ100 ዲግሪ እንዲፈሉ ብቻ ነው አምራቹ የሚያዘው፤ የእናንተን ምርት መመሪያ አንብባችሁ እሱን ተከተሉ። ማሟያው የሚጨመረው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲበርድ ነው፤ በጋለ ላይ ከተጨመረ መድኃኒቱ ይበላሽና እኛ ያለ ማሟያ ያየነውን ዓይነት ፕሌት ታገኛላችሁ። የፈሰሰውን ፕሌት በጨለማ አስቀምጡት፤ ብርሃን ቀለም ሰጪውን ንጥረ ነገር ይጎዳዋል።

በአንድ ጊዜ በተዘጋጀ በእያንዳንዱ የፕሌት ምድብ ላይ የታካሚ ናሙና ከመዘራቱ በፊት ሁለት መቆጣጠሪያ ይዘራ፤ ማደግ የሌለበት 25922 እና ማደግ ያለበት፣ ለምሳሌ ክሌብሲየላ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. ቢ.ኤ.ኤ. 1705። ይህ የሚባክን ፕሌት የሚመስላቸው አለቆች አሉ። እኛን ያዳነን ያ ባከነ የተባለው ፕሌት ነው። የሬክታል (የፊንጢጣ) ስዋቡም ላይ ሰገራ በዐይን መታየት አለበት፤ ንጹሕ ሆኖ የመጣ ስዋብ ቢመለስ ነርሶች ቅር ይላቸዋል፣ ቢሆንም መልሱት።

4. ቀለም ያሳየ ኮሎኒ ሁሉ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ፕሌቱን ከ18 እስከ 24 ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ አንብቡ፤ ቀለሙንም ከገዛችሁት አምራች ሰንጠረዥ ጋር ብቻ አስተያዩ። ለምሳሌ ኤም.አር.ኤስ.ኤ. (ሜቲሲሊንን የተላመደው ስታፊሎኮከስ) በክሮማጋር ፕሌት ላይ ሮዝ ወደ ሐምራዊ ሲሆን፣ በክሮምአይዲ ፕሌት ላይ አረንጓዴ ነው፤ የአንዱን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሌላውን ማንበብ ስሕተት ያመጣል። ለአንጀት ባክቴሪያዎች እኛ የምንጠቀምበት ማረጋገጫ ኤም.ሲ.አይ.ኤም. (ካርባፔነሜዝ መኖሩን በሜሮፔነም ዲስክ የሚፈትሽ ዘዴ) ነው። ባክቴሪያው በ2 ሚሊ ሊትር ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ (ፈሳሽ ማሳደጊያ) ከ10 ማይክሮግራም የሜሮፔነም ዲስክ ጋር 4 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ዲስኩ 25922 በተዘራበት ሙለር ሂንተን ፕሌት ላይ ይቀመጣል። በማግሥቱ በዲስኩ ዙሪያ 25922 ያላደገበት ክበብ ከ6 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባክቴሪያው ካርባፔነሜዝ ያመነጫል፤ 19 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አያመነጭም። አሲኔቶባክተር ለተባለው ባክቴሪያ ይህን ዘዴ አትጠቀሙበት፤ ውጤቱ አይታመንም።

ክሮሞጄኒኩ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ስዋቡን 10 ማይክሮግራም የሜሮፔነም ወይም የኤርታፔነም ዲስክ ባለበት 5 ሚሊ ሊትር ብሮዝ ውስጥ አሳድራችሁ በማግሥቱ ወደ ማክኮንኪ ማሻገር ትችላላችሁ። አንድ ቀን ይጨምራል፣ የእጅ ሥራውም ይበዛል፤ ያም ሆኖ ማሟያውን ስንጠብቅ ልየታውን በዚህ ዘዴ ማስቀጠላችን፣ ዕቃው ሲመጣ ዋርዱ ሥራውን ለምዶት እንዲያገኘው አድርጓል።

5. ተሸካሚ ሆኖ ስለተገኘው ታካሚ ላነሡት ጥያቄ፣ መልሱ የመጀመሪያው ስዋብ ሳይወሰድ ከዋርዱ ጋር በጽሑፍ መስማማት አለበት። በሬክታል ስዋብ የተገኘ ባክቴሪያ ታካሚው ተሸካሚ መሆኑን እንጂ መታመሙን አያሳይም፤ የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለው አንቲባዮቲክ አይሰጠውም። ይህን ዓረፍተ ነገር በውጤት ወረቀቱ ላይ አሳትሙት፤ እኛ ካሳተምነው በኋላ «ምን ልጀምርለት?» የሚለው ስልክ ቀንሷል። ታካሚው የተለየ ክፍል ባይኖር እንኳ ከሌሎች ተሸካሚዎች ጋር በአንድ ጥግ ይተኛ፤ የራሱ ስቴቶስኮፕና ቴርሞሜትር ይኑረው፤ የሚነካው ሰው ጓንትና ጋውን ይልበስ፣ እጁንም ከጓንቱ በኋላ በአልኮል ይሽ። የጨቅላ ሕፃን ከሆነ እናቲቱን አስቀምጦ በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ልጇ የተገለለው በእርስዋ ጥፋት እንዳይመስላትና እጅዋን ሳትታጠብ ሌላ አራስ እንዳታቅፍ።

ታካሚው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ተሸካሚነቱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ተቀባዩ ሆስፒታል ከዚያ ወረቀት ሌላ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ይህን መስመር ሐኪሙ እስኪሞላው ከመጠበቅ ላቦራቶሪው ራሱ በማኅተም ቢያስገባው ይሻላል።