ውሻው በላ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ይህችን የምጽፈው የእንስሳት ሕክምና ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን በውሾች ሕክምና ነው ያሳለፍኩት። ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ መዥገር የሚያመጣው የደም በሽታ ነው።

አንዷ ባቤዚያ የምትባል የደም ጥገኛ ናት፤ እሷ ብዙም አትደበቅም። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብታ ትራባለች፤ ሕዋሱን አፈንድታ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል። ሽንቱ ከጠቆረ አትዘግዩ።

ኤርሊኪያ ግን ሌላ ጉድ ናት። እንደ እውነቱ ከሆነ ባክቴሪያ ናት፤ ከደም ጥገኞች ጋር የምንቆጥራት በልማድ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ትቀመጣለች። መዥገሩ በነከሰ ከ8 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይጀምራል፤ ውሻው ምግብ ይጠላል፣ ንፍፊቶቹ ያብጣሉ። ከዚያ ያለ መድኃኒትም ሊሻለው ይችላል። ይበላል፣ ይጫወታል፤ ባለቤቱም «ተመስገን» ይላል። የምትሸወዱት እዚህ ላይ ነው። በሽታው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ደሙ ሲመረመር ግን ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ቀንሶ ይገኛል። አንዳንዱ ውሻ በራሱ አቅም ይላቀቀዋል። የሌላው መቅኔ ግን ደም ማምረት ያቅተዋል፤ ይነስረዋል፣ ከስቶ አጥንቱ ይቀራል። እዚያ ከደረሰ ማዳን ከባድ ነው።

ስለዚህ ለኤርሊኪያ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ ለ4 ሳምንት ስታዙ ለምን እንደረዘመ ለባለቤቱ አስረዱት። ውሻው በጥቂት ቀን ውስጥ ንቁ ይሆናል፤ ያኔ ኪኒኑን የሚያቆም ብዙ ነው። አትቆጡት፣ መጀመሪያ ንገሩት እንጂ። ባቤዚያም ካለች ይህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ኢሚዶካርብ ያለ ባቤዚያን የሚገድል መድኃኒት ያስፈልጋል። ቡናማው የውሻ መዥገር ሁለቱንም ሊያስተላልፍ ስለሚችል አንዱን አገኘሁ ብላችሁ ሌላውን መፈለግ አትተዉ።

ደሙን ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ በምታዩበት መስታወት (ስላይድ) ላይ ምንም ካላያችሁ ደግሞ «ነጻ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ከጆሮ ጫፍ ደም ወስዳችሁ እንደገና እዩ፤ ባቤዚያ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ትበዛለች። ምልክቱ ካለ የተሕዋሲውን ዘረመል የሚፈልገውን ምርመራ፣ ፒሲአርን፣ አሠሩ።

መዥገሩን በእሳት ወይም በዘይት ማስለቀቅ ይቅር። በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። የዳነ ውሻም እንደገና ሊያዝ ይችላል። ቡናማው መዥገር የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ ስለዚህ ውሻው የት እንደሚያድር ሳትጠይቁ ወደ ቤቱ አትሸኙት።