አዙኪ ለጠየቅሽው እህት፦ ጣሳውን እንዳትነኪ
"እናቴ ስኳር አለባት፣ በጾም ምስር ሰልችቷታል፣ አዙኪ ባቄላ (ትንሿ ቀይ የእስያ ባቄላ) ይሆናታል ወይ፣ እንዴትስ ይሠራል" ላልሽው፣ እኔ በገንዘቤም በእንባዬም የተማርኩት ነገር ስለሆነ ልንገርሽ።

1ኛ፦ ደረቁን በላስቲክ የታሸገውን ግዢ። አምና በሁዳዴ እማዬ (እሷም ስኳር አለባት) ልትጠይቀኝ መጥታ የእስያ ሱቅ ሄጄ ቀያይ ፍሬ የተሳለበት ጣሳ አየሁ፣ የተቀቀለ ነው ተገላገልኩ ብዬ ስድስት ጣሳ ገዛሁ፣ ጽሑፉ ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛው የጉንዳን እግር የምታክል። ሽንኩርቴን በበርበሬ አቁላልቼ ገለበጥኩበት። ስቀምሰው ስኳር ስኳር አለኝ፣ ሽንኩርት አብዝቼ ነው ብዬ ጨው ጨመርኩ (አይ እኔ!)። እማዬ "ዛሬስ እጅሽ ይባረክ" ብላ ሁለት ጊዜ አስጨለፈችኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቷን ወግተን ስኳሯን ስንለካ 287! ጣሳውን ከቆሻሻ አውጥቼ በስልኬ አጉልቼ ባነበው ከባቄላው ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ነው። ለካ ለኬክና ለአይስክሬም የሚሆን ኖሯል።

2ኛው ስለ አቀቃቀል ነበር ግን ያኔ ደንግጬ ስደውል ያገኘኋትን የክሊኒኳን ልጅ ሳልነግርሽ አላልፍም። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰምታኝ ስታነሣ "አፖይንትመንት አላችሁ?" አለችኝ፣ እናቴ ናት እኮ ስላት "ነገ ደውይ" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሱቁም "ምግብ አንመልስም" አለ፣ ደረሰኜን እያየ።

እና ደረቁን እጠቢውና አንድ አምስት ደቂቃ አፍልተሽ የመጀመሪያውን ውሃ ድፊው፣ መጎምዘዙ ይሄዳል። ከዛ በአዲስ ውሃ ቀስ ብሎ ይብሰል፣ ሳይዘፈዘፍም በ45 ደቂቃ ወይ በአንድ ሰዓት ይለሰልሳል፣ እንደ ቦሎቄ አያስለምንም። ቲማቲምና ሎሚ ሳይበስል ከገባ ግን እንደ ጠጠር ይቀራል።

አንድ ኩባያ የበሰለ (230 ግራም) 17 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 57 ግራም ሆኖ 17ቱ ፋይበር ነው፣ ለዛ ነው ስኳርን እንደ ሩዝ ቶሎ የማያንረው። እኔ ግን ለእማዬ ግማሽ ኩባያ ነው የምሰጣት፣ ያውም ከእንጀራው ቀንሼ። ፎሌት (የቫይታሚን ቢ ዓይነት) እና ብረትም አለው፣ ሎሚ ጣል አርጊበት፣ ቡናውን ደግሞ ከምግቡ ራቅ አርጊላት ብረቱን እንዳይዘው (እማዬን ቡና አቆይ በላት እስቲ)። ኩላሊቷን የሚያማት ከሆነ ግን ፖታሲየሙ ብዙ ነውና ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳትሰጫት።

በጣም የወደድነው ንፍሮው ነው፣ ከስንዴ ጋር፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰሽ። አልጫውም በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አሪፍ ይወጣል። አብራኝ የምትሠራ ኮሪያዊት እነሱ በታኅሣሥ ረጅሙ ሌሊት ላይ ገንፎ እንደሚሠሩበት፣ ቅላቱ ክፉ መንፈስ ያባርራል እንደሚሉ ነገረችኝ፣ ለእማዬ ብነግራት "ይሄ የኛው ማሾ ቀይ ለብሶ ነው" አለች፣ ደግሞ አልተሳሳተችም ዘመዳሞች ናቸው።

አምስቱ ጣሳ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የስኳር በሽታ የሌለበት፣ ጣፋጭ የሚወድ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) አካባቢ ካለ መጥቶ ይውሰድልኝ።